ከቦንጋ መርካቶ ደርሶ መልስ፦ ማንም እንዲቀዳው የተፈቀደውን መጽሐፍ ለማሳተም

ካለፈው ሰኞ ጀምሮ በመምህራን ክፍል ያገኘኝ ሁሉ «መርካቶ እንዴት ነበር?» ይለኛል። ለአንዱ ተርኬ ሳልጨርስ ሌላው ይገባና ከአውቶብሱ ጀምሪልኝ ይላል። ጉሮሮዬ ስለደረቀ ጻፍኩት። ከእናንተ ግማሹ ወደዚያ የመሄድ ሐሳብ የለውም፤ ግማሹ ደግሞ ሄዶ ስልኩን አስረክቦ ስለመጣ የመርካቶን ስም መስማት አይፈልግም። ለሁለቱም ወገን ይሁን።

ለማታውቁኝ፦ ጥሩወርቅ እባላለሁ፤ ተወልጄ ያደግሁት ሰሜን ሸዋ ነው፤ ባል አግብቼ ቦንጋ ከገባሁ አሥራ አራት ዓመቴ ነው። ኮሌጃችን ውስጥ ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ። ለስልሳ ተማሪ በቤተ መጻሕፍት ያለን አንድ ወፍራም የውጭ አገር መጽሐፍ ነው። እሱንም ተማሪዎቹ ፎቶ ኮፒ እያደረጉት፣ የኮፒው ኮፒ እየተባዛ፣ ፊደሉ ከጉንዳን መንገድ አይለይም። አንድ ጊዜ በፈተና ላይ «በግራፉ ላይ ረጅሙን አምድ ግለጹ» ብዬ ብጠይቅ፣ ሦስት ተማሪዎች የፎቶ ኮፒ አድራጊውን አውራ ጣት ገለጹልኝ። ጥቁር፣ ወፍራም፣ ጫፉ ክብ። ነጥብ ሰጠኋቸው፤ እውነትም ረጅሙ እሱ ነበር።

የዛሬ ሁለት ክረምት ከኢንተርኔት ላይ አሥራ አንድ የውጭ አገር መምህራን ተባብረው የጻፉት መጽሐፍ አገኘሁ። ሁለተኛው ገጹ ላይ «ማንም ሰው መቅዳት፣ ማባዛት፣ እንደ አገሩ መለወጥ ይችላል፤ የአዘጋጆቹን ስም ይጥራ፣ የለወጠውንም ይናገር» ይላል። ይኸው ነው ዋጋው። ሁለት ክረምት ቁጭ ብዬ አማርኛ አድርጌ፣ በረዶ የሚለካበትን ምሳሌ በቦንጋ ዝናብ፣ እኛ የማናውቀውን የዱላና የኳስ ጨዋታ በባጃጅ ተራ ለወጥኩት። ዲናችን አቶ አድማሱ ግን ነፃ ነገር ያስፈራቸዋል። «ሰኞ ጠዋት መጽሐፉ በተማሪዎቹ እጅ ካለ፣ ሕጋዊ መሆኑንም ከራሱ ላይ ካነበብሽልኝ፣ አንድ ሴሚስተር እንሞክረዋለን። ካልሆነ ወደ ድሮው እንመለሳለን» አሉኝ። ወደ ድሮው ማለት ወደ አውራ ጣቱ ማለት ነው። የቦንጋው ማተሚያ ማሽን ደግሞ ጥገና ላይ ነበር፤ እኔ ቦንጋ ከገባሁ ጀምሮ ጥገና ላይ ነው። ስለዚህ መርካቶ።

ረቡዕ

አውቶብሱ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ይነሳል ተብሎ አሥራ ሁለት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ተነሳ። መጽሐፉ ያለበትን ፍላሽ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬዋለሁ። ባለቤቴ መርካቶ ለምታሳድረኝ ለእትዬ አስካለ ብሎ አንድ ማሰሮ ማር አሸክሞኛል። «ክዳኑ ጠብቋል፤ አትንኪው» አለኝ። የካፋ ሰው ስለ ማር ሲናገር መከራከር ስለማይቻል አልነካሁትም።

ጅማን አልፈን ወደ ግቤ በረሃ መውረድ ስንጀምር ሙቀቱ በመስኮቱ ገባ። አጠገቤ የተቀመጡት ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ቀና ብዬ ሳይ፣ ከላይ ከዕቃ መደርደሪያው ላይ ማሩ ቀጭን ክር ሆኖ ወርዶ ልክ ባርኔጣቸው መሃል ላይ ያርፋል። ልቀስቅሳቸው ወይስ ማሰሮውን ላንሳ እያልኩ ስወላውል፣ ጠብታው አፍንጫቸው ደረሰና ነቁ። በጣታቸው ጠረጉ፤ ጣታቸውን ላሱ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«የካፋ ማር ነው» አሉ።

«ይቅርታ አባቴ፣ ክዳኑ...»

«ይፍሰስ ልጄ፣ እኔ ምን ቸገረኝ!»

ባርኔጣቸውን ግን ወልቂጤ ሲደርሱ እንደ ጽዋ በሁለት እጃቸው ይዘው ነበር የወረዱት። ምሳ እዚያው ወልቂጤ በላን። ጾም ስለሆነ ዙሪያዬን ክትፎ እየሸተተኝ ሽሮ አዘዝኩ። እንዲህ ያለው ጾም ሁለት ተብሎ ቢቆጠር እላለሁ።

አውቶብስ ተራ የገባነው ሊመሽ ሲል ነው። ቦንጋ ውስጥ ሰው ቢደናቀፍ ሦስት ሰው ያነሳዋል፤ ሁለቱ ደግሞ እቤቱ ድረስ ይሸኙታል። እዚህ ተደናቅፌ በአንድ ጉልበቴ ስወርድ፣ ቆርቆሮ የተሸከመ ሰው «እናት፣ ይቅርታ!» ብሎ በላዬ ተራመደ። ጨዋነቱን አልክድም፤ ይቅርታ ብሏል። እትዬ አስካለ ከሩቅ በጃንጥላዋ ጫፍ ጠርታኝ ነው ያዳነችኝ። እትዬ አስካለ የሟች እናቴ አብሮ አደግ ናት፤ ራጉኤል ጀርባ ትኖራለች፤ መርካቶ ውስጥ በርበሬና ቅመም ስትሸጥ ዕድሜዋን ጨርሳለች። ማሰሮውን ተቀብላ በጨረፍታ አየችው።

«ግማሽ ማሰሮ ነው እንዴ የላከልኝ ባልሽ?»

«ሙሉ ነበር። ግማሹን አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸው ላይ ይዘውት ሄዱ።»

«እንግዲህ እንግዳ ደራሽ፣ ውሃ ፈሳሽ፤ ያገኘነውን እንበላለን» ብላ ምስር ወጥ አቀረበችልኝ። የምተኛበት ክፍል በግማሹ የበርበሬ ጆንያ ነው። ሌሊቱን ሙሉ እያስነጠስኩ፣ በእያንዳንዱ ማስነጠስ ከግድግዳው ወዲያ «ይማርሽ!» እያለችኝ ነጋ።

ሐሙስ

ዛሬ የፎቶ ኮፒና የማተሚያ ቤቶችን ዞርኩ። ስለ መርካቶ ያልጠበቅሁት ነገር ቢኖር ሕሊናው ነው።

የገባሁበት የመጀመሪያው ቤት መደርደሪያው ሙሉ የተባዛ መጽሐፍ ነው። የሕክምናው፣ የሕጉ፣ የመንጃ ፈቃዱ፤ የአንዱም ባለቤት እዚህ መሆኑን እንደማያውቅ እምላለሁ። ገና ፍላሼን አውጥቼ «ስልሳ ቅጂ» ስል ሰውየው ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተውና ሁለተኛውን ገጽ አነበበ። ፊቱ ተለወጠ።

«እትዬ፣ ይሄ የማነው?»

«የአሥራ አንድ መምህራን ነው። ማንም እንዲቀዳው ፈቅደዋል።»

«ማን ይፈቅዳል?»

«እነሱ።»

«ፈርመው ነው? ማህተም አለው?»

«በጽሑፍ አለ፤ አሁን አነበብከው እኮ።»

«እኔ ያለ ፈቃድ አላትምም» አለ። ይህን ሲል ክርኑን የደገፈው ቀለሙ ሳይደርቅ በተጠረዘ የሕግ መጽሐፍ ላይ ነው። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ እሱም ተቀየመኝ።

ሁለተኛው ቤት «ቅዱ ብሎ የጻፈ ሰው ለምን ጻፈ? ወጥመድ ነው» አለኝ። ሦስተኛው ቤት ያለው ሰው ምክንያቱን ቁጭ አድርጎ አስረዳኝ። «እናት፣ ባለቤት ያለውን ዕቃ ብንነካ ባለቤቱን እናውቀዋለን፤ ቢመጣም እንለምነዋለን። ባለቤት የለኝም የሚል ዕቃ ግን መርካቶ ውስጥ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? የተሰረቀ ዕቃ ነው።» እንዲህ ያለ ክርክር በኮሌጃችን ስብሰባ ላይ ሰምቼ አላውቅም። ፍላሼን መልሼ ቋጥሬ ወጣሁ። ከአብነት እስከ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በእግሬ ሄጄ፣ የታክሲ ረዳቶች ሲጮሁ፣ ጋሪ ሲገፋኝ፣ አንድ ጫማዬን አዲስ ሶል ሳልፈልግ አስለጥፌ (ሰፊው ቁጭ በይ ሲለኝ ለዕረፍት መስሎኝ ነበር) ወደ እትዬ አስካለ ሱቅ ተመለስኩ።

እትዬ አስካለ ሰማችኝና ሱቋን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ ተነሳች። «ነገሩን ከመጀመሪያው ለኔ ብትነግሪኝ ኖሮ! ወደ ጋሼ ከድር እንሂድ። መዝገብ ሲጠርዝ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል። ሰውየው ሰው ነው።»

ጋሼ ከድር የስልጤ ሰው ናቸው፤ ነጭ ኮፍያ፣ መነጽራቸው በክር የታሰረ። ጠባቧ ቤታቸው በወረቀት ክምር ተሞልታ፣ መሃል ላይ ትልቅ ወረቀት መቁረጫ ቆሟል። ሽፋን የሚሠራላቸው ብሩክ የሚባል ጎልማሳ ጥግ ላይ ኮምፒውተር ይዞ ተቀምጧል። ጋሼ ከድር ሁለተኛውን ገጽ ከስልኬ ላይ በጣታቸው እየተከተሉ ጮክ ብለው አነበቡት። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

«መምህርት፣ ይሄማ ወቅፍ ነው!»

ወቅፍ ማለት አንድ ሰው ለአላህ ብሎ ለሰው ሁሉ ጥቅም የሚሰጠው ንብረት ነው፤ ጉድጓድ ውሃ ቢሆን፣ የልጆች መማሪያ ቤት ቢሆን፣ ከተሰጠ በኋላ ማንም የኔ አይለውም፣ ማንም አይከለከለውም። በአንድ ቃል ሁለት ክረምት ለዲኑ ማስረዳት ያቃተኝን ጨረሱት።

«እነዚህ ሰጪዎቹ የት ናቸው?» አሉኝ።

«ውጭ አገር። አላውቃቸውም፤ እነሱም አያውቁኝም።»

«ማሻአላህ። የማያውቁትን ሰው የሚያስተምሩ! አላህ ይቀበላቸው። እንዲህ ያለ ሰው ታይታ አይወድም።»

«አይወድም» አልኩ፤ ደስ ብሎኝ ነበርና ምን ላይ እንደተስማማሁ ልብ አላልኩም። ቅዳሜ ጠዋት እንደሚያስረክቡኝ ቃል ገቡልኝ። ፍላሼን ከነጠላዬ ጫፍ ፈትቼ ሰጠኋቸው።

ዓርብ

መብራት ጠፋ። ጋሼ ከድር «ይመጣል ኢንሻአላህ» ብለው ወደ ጁምዓ ሄዱ። ቦንጋ ውስጥ መብራት ሲጠፋ ሰው ወደ ቤቱ ይገባል፤ መርካቶ ውስጥ ሲጠፋ ሰው ድምፁን ብቻ ይጨምራል። እኔም እትዬ አስካለ ሱቅ ተቀምጬ በስልኬ ከመጽሐፉ አንዳንድ ምሳሌ አነበብኩላት። ልመካባት ነበር ሐሳቤ።

«"አንዲት ነጋዴ የሃያ ጆንያ በርበሬ ጥራት ለማወቅ ሃያውንም ትከፍታለች..."» ብዬ ስጀምር በሳቅ ፈረሰች።

«ማናት እሷ? ቀኑን ሙሉ ጆንያ ስትፈታ ትውላለች?»

«ታዲያ እንዴት ታደርጊያለሽ?»

ሹል ብረት አወጣች፤ ውስጡ ክፍት ነው። ጆንያውን ከላይ ወጋች፣ ከመሃል ወጋች፣ ከሥር ወጋች፤ በየጊዜው እፍኝ የማይሞላ በርበሬ በብረቱ ተንሸራትቶ መዳፏ ላይ ወረደ። «ከላይ ያለውን ሻጩ ያሳምረዋል። ከመሃልና ከሥር ያላየ ሰው ተሸወደ ማለት ነው። ሃያ ጆንያ ከሆነ ደግሞ እሱ "ይህን እይ" የሚለኝን አላይም፤ እኔ ደስ ያለኝን አምስት መርጬ እወጋለሁ።»

የናሙና አወሳሰድን ምዕራፍ በሙሉ በአንድ ሹል ብረት አስተማረችኝ። ቀናሁ። ከዚያ ምሳሌዋን እንዳለ ጽፌ ለብሩክ በቴሌግራም ላክሁለት፤ መብራቱ ስላልመጣ ለመቀየር ጊዜ ነበረን። ከምሳሌው ሥር «እትዬ አስካለ፣ መርካቶ» ብዬ አስገባሁ። ይህን ስነግራት «የኔ ስም በኮሌጅ መጽሐፍ!» ብላ ከጎረቤት ሱቅ እስከ ሚሊተሪ ተራ የሚያውቃትን ሰው ሁሉ ጠርታ ነገረች። አንዱ በርበሬ ሊገዛ የመጣ ሰው ሳይገዛ እንኳን ደስ አለሽ ብሎ ሄደ።

መብራቱ ከሰዓት በኋላ መጣ። ወደ ማታ ብሩክ የሽፋኑን ፎቶ ላከልኝ። ጥቁር አረንጓዴ ሽፋን፣ በወርቅማ ፊደል ርዕሱ፣ ከሥሩም በዚያው ወርቅማ ፊደል «ደራሲ፦ ጥሩወርቅ በላቸው» ይላል።

ደራሲ የሚለውን ቃል አላየሁትም ብል እዋሻለሁ። አየሁት። እንዲያውም ሁለት ጣቴን አድርጌ አጎላሁት። ስህተቱ የብሩክ ነው፣ ነገ አርማለሁ አልኩና፣ እስከ ነገ ድረስ ግን ለአቶ አድማሱ ፎቶውን ላክሁላቸው። ለምን እንደላክሁት አትጠይቁኝ፤ እናንተም ስማችሁን በወርቅ ብታዩት የምታደርጉትን አውቃለሁ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሦስት የጽጌረዳ ምስልና መልእክት መጣ። «የራስሽ መጽሐፍ መሆኑን ለምን አልነገርሽኝም? የራሳችን መምህርት ከጻፈችው የፈቃድ ጭቅጭቅ የለም! ለኮሌጁ አካዳሚክ ኮሚሽን ነግሬያለሁ። ሰኞ ጭብጨባ ይጠብቅሻል።»

ቅዳሜ

ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ስልሳው መጽሐፍ በሲባጎ ታስሮ፣ በአሥር በአሥር ተደርድሮ ጠበቀኝ። ጠረዛው የሚያምር፣ ወረቀቱ ነጭ፣ ግራፉ ያለ ማንም አውራ ጣት። አንዱን አነሳሁና ሁለተኛውን ገጽ ገለጥኩ።

አሥራ አንዱ መምህራን የሉም። ፈቃዱ የለም። በምትኩ በደማቅ ፊደል «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው። ያለ ደራሲዋ ፈቃድ ይህን መጽሐፍ በማንኛውም መንገድ መቅዳትም ሆነ ማባዛት ክልክል ነው» ይላል።

«ጋሼ ከድር፣ የስሞቹ ገጽ የት ሄደ?»

«አወጣሁት» አሉ በኩራት። «መምህርት፣ ለአላህ ብሎ የሰጠን ሰው ስሙን አደባባይ ማውጣት ምንዳውን መቀነስ ነው። ቀኝህ የሰጠውን ግራህ አይወቅ ይባል የለ? እኔ ደግሞ ወረቀት ላይ ላውጣቸው? ሰወርኳቸው።»

«ይሄ ክልክል ነው የሚለውስ?»

«እሱ ለመርካቶ ነው! ባለቤት የሌለው መጽሐፍ እዚህ ሰፈር አንድ ቀን አያድርም፤ ነገ ሌላ ሰው የኔ ነው ብሎ ይሸጠዋል። ባንቺ ስም ጠብቄልሽ ነው። ለዚህኛው አላስከፍልሽም፣ ስጦታዬ ነው።»

ሁሉም ነገር ትክክል ነበር፤ ከመጽሐፉ በስተቀር። መቀመጫ ሲያጡልኝ የወረቀት ክምር ላይ ተቀመጥኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ በዚያ ክምር ላይ ተቀምጬ ያሰብኩት የሚያኮራ አይደለም። ነገ ንጋት ላይ አውቶብስ አለኝ። መጽሐፉ አልቋል። አሥራ አንዱ ሰዎች ባሕር ማዶ ናቸው፤ ቦንጋ መጥተው አይከሱኝም። ዲኑ እንዲህ እንደሆነ አምነው ተደስተዋል፤ እውነቱን ከነገርኳቸው ግን «ያው ነፃው ነው እንዴ?» ብለው ሊመልሱት ይችላሉ፣ ተማሪዎቹም ወደ አውራ ጣቱ ይመለሳሉ። ዝም ካልኩ ሁሉም ያተርፋል፤ እኔም ደራሲ እሆናለሁ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የኔ ስም ግን በአሥራ አንድ ሰው ስም መቃብር ላይ ሊውል ነው።

ባለፈው ሴሚስተር አንድ ተማሪ ከጓደኛው ሪፖርት ገልብጦ የራሱን ስም ብቻ ቢጽፍበት ዜሮ ሰጥቼዋለሁ። አባቱ ድረስ መጥተው ለምነውኝ እምቢ ብያለሁ። ያንን ልጅ ሳስበው ፊቴ ጋለ። አፈርኩ፤ ሌላ ቃል የለውም።

«ጋሼ ከድር» አልኩ፣ «ወቅፍ የሰጠ ሰው "እንዲህ ይደረግ" ብሎ ቃል ቢያኖርስ?»

«ቃሉ አይነካም። የሰጪውን ቃል ያፈረሰ ወቅፉን አፈረሰ።»

«እነዚህ ሰዎች አንድ ቃል ነው ያኖሩት። ስማችን ይጠራ፣ የተለወጠውም ይነገር ብለዋል። ሌላ ምንም አልጠየቁም።»

ጋሼ ከድር ኮፍያቸውን አውልቀው መልሰው ደፉት። «አስተግፊሩላህ» አሉ ቀስ ብለው፤ «ታዲያ እኔ አደራ በላሁ ማለት ነው?»

«እኔም ነኝ ጋሼ። እኔ ማታ ሽፋኑን አይቼ ዝም ብያለሁ።»

«አንቺስ መምህርት ነሽ፤ ይቅር ይባልልሻል» አሉና ተነሡ። «ብሩክ! የድሮውን ገጽ አውጣ! ስልሳ ቅጠል አትም!»

መጽሐፍ ፈቶ መልሶ መጠረዝ የሁለት ቀን ሥራ ነው። ጋሼ ከድር ግን መዝገብ ላይ የተበላሸ ቅጠል የሚተኩበት ዘዴ አላቸው፤ ገጹን ከሥሩ ጣት የማታህል ጠርዝ አስቀርተው በምላጭ ይቆርጡታል፣ አዲሱን ቅጠል በዚያች ጠርዝ ላይ በኮላ ይለጥፉታል። እሳቸው ቆረጡ፣ እኔ ኮላ ቀባሁ፣ ብሩክ ለጠፈ። ሽፋኑ ላይ «ደራሲ» በሚለው ቃል ላይ «ከክፍት መጽሐፍ አሻሽላ ያዘጋጀችው» የሚል ቁራጭ ወረቀት ለጠፍንበት። አንዳንዱ ላይ ጠመም ብሏል። እትዬ አስካለ ከሱቋ ቀጥታ መጥታ ሳትታጠብ እጇን ስላስገባች፣ አሥራ አምስት የሚሆኑት መጻሕፍት የፈቃድ ገጻቸው ላይ ቀይ የጣት አሻራ አለ። ሁላችንም እያስነጠስን ነበር የምንሠራው። ጋሼ ከድር በየቅጠሉ ላይ የአንዱን መምህር ስም እያነበቡ «አላህ ይስጥህ» ይላሉ፤ የሴት ይሁን የወንድ ስም ስላላወቁ ለሁሉም አንድ ዓይነት ምርቃት ነው የሰጡት።

በመሃል ወጥቼ ለአቶ አድማሱ ደወልኩ። ጫጫታው ስለበዛ እየጮህኩ ነው እውነቱን የተናገርኩት፤ መንገደኛው ሁሉ ሰማኝ። «ደራሲዋ እኔ አይደለሁም! አሥራ አንድ ሰዎች ናቸው! እኔ አማርኛ አደረግሁትና ምሳሌውን ለወጥኩት!»

አስደገሙኝ፤ ደገምኩት።

«ለኮሚሽኑ ተናግሬያለሁ እኮ» አሉ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«እንግዲህ ሰኞ እናያለን» ብለው ዘጉት። እኛ አለቆቻችን «እናያለን» ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ የምናውቅ ሰዎች ነን።

መርካቶ ሱቁን ሲዘጋ ስልሳኛውን ጨረስን። ጋሼ ከድር የልፋታቸውን አልቀበልም አሉ፤ ብጨቀጭቃቸው «እኔም በወቅፉ ውስጥ ድርሻ ይኑረኝ እንጂ!» ብለው ተቆጡኝ።

እሑድ

እትዬ አስካለ ከራጉኤል ኪዳን አድርሳ መጥታ አውቶብስ ተራ ድረስ ሸኘችኝ። ሁለት ካርቶን መጽሐፍ ጣሪያ ላይ ወጣ፤ ረዳቱ «እናት፣ ምንድነው ይሄ? ድንጋይ ነው?» አለኝ። ዝናብ ከመጣ ብዬ ፕላስቲክ አለበስኩት። እውነትም ከወሊሶ እስከ ጅማ ዘነበብን፤ በየመናኸሪያው እየወረድኩ ጣሪያውን ስፈትሽ ተሳፋሪው ሁሉ ጥሎሽ የጫንኩ መሰለው። ዛሬ ጾም አልነበረም፤ ወልቂጤ ላይ ክትፎ በልቼ የረቡዕን ብድር መለስኩ። ቦንጋ ሲመሽ ገባሁ። ባለቤቴ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ማሩ ነው።

ሰኞ

ኮሚሽኑ አምስት ሰው ነው፤ ጭብጨባ አልነበረም። አቶ አድማሱ መጽሐፉን አንስተው መጀመሪያ ጠመም ያለችውን ቁራጭ ወረቀት በጥፍራቸው ነካ ነካ አደረጓት። ከዚያ ሁለተኛውን ገጽ ገልጠው ከመጀመሪያው ስም እስከ አሥራ አንደኛው አነበቡ። የደረሳቸው በርበሬ ያለበት ቅጂ ስለነበር ሁለት ጊዜ አስነጠሱ። ማንም ለመሳቅ አልደፈረም።

«እነዚህ ሰዎች ከኛ የሚፈልጉት ስማቸው እንዲጠራ ብቻ ነው?»

«የለወጥኩትም እንዲነገር። በመጨረሻው ገጽ ላይ ዘርዝሬዋለሁ።»

«ቅዳሜ ባትደውዪ ኖሮ ዛሬ በጭብጨባ ነበር የምናሳልፈው። ዓመቱን ሙሉም የጸደቀ መጽሐፍ ይሆን ነበር።»

«አዎ።»

«ኋላ ቢታወቅ ግን ኮሌጁንም እኔንም ገደል ከተሽን ነበር።» መነጽራቸውን ጠረጉ። «አንድ ሴሚስተር። ለሙከራ። ከዚያ በላይ ቃል አልገባም።» አንድ ሴሚስተር ያሉኝን እንደ ዘላለም ቆጥሬ እየሮጥኩ ወደ ክፍል ሄድኩ።

ስልሳ መጽሐፍ ለስልሳ ተማሪ አደልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከፊት ያለውም ከኋላ ያለውም እኩል የራሱን ገጽ ገለጠ። ሁለተኛውን ገጽ ጮክ ብዬ አስነበብኳቸው። ለጥቂት ጊዜ ወረቀት ሲገለጥ ብቻ ነው የሚሰማው፤ ዓይኔ እንባ አቀረረና ወደ ሰሌዳው ዞርኩ።

ከኋላ ወንበር አልማዝ የምትባል፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ድምፅዋን ሰምቼ የማላውቅ ተማሪ እጇን አነሳች።

«መምህርት፣ መለወጥ ይቻላል የሚለው ለኛም ነው?»

«ለሁሉም ነው።»

«እንግዲያው ገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ እንሰት ተተክሎ በሁለት ዓመት ይነቀላል ብለዋል። ከአራት ዓመት በታች የነቀለ ሰው ምን ይበላል? እናቴ ብትሰማዎት...»

ቀሪውን አልተናገረችውም፤ ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ሁለት ክረምት የለፋሁበት ምሳሌ ነው፤ ገና አሥር ደቂቃ አልሞላውም። ተናደድኩ። «አርፈሽ ተማሪ» ልላት አፌን ከፈትኩ። እሷ ግን እስክሪብቶዋን ገጹ ላይ አስጠግታ፣ ፈቃዴን እየጠበቀች ታየኛለች።

«አርሚው» አልኳት። «ስምሽንም ከሥሩ ጻፊ።»